ሆደ ባሻው ማነው? «ባለሙያ አይከፋውም» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት አንድ ጽሑፍ ሦስት ሰዎች ለየብቻ ላኩልኝ። ሁለቱ «አንብበህ ተማርበት» ብለው ነው። ሦስተኛው «ምነው ዝም አልክ?» ብሎ። ርእሱ «ባለሙያ አይከፋውም» ይላል። ጸሐፊው እንደኔው የስትራክቸር መሐንዲስ ናቸው። በዕድሜም በሥራም ይበልጡኛል። ስማቸውን አልጠራም፤ ጠቤ ካሉት ነገር ጋር እንጂ ከሳቸው ጋር አይደለም።

ነገሩ የተነሳው ብዙዎቻችን ካለንበት የመሐንዲሶች የቴሌግራም ግሩፕ ነው። አንዲት ወጣት መሐንዲስ ማታ ሁለት ሰዓት ገደማ ፎቶ ለጠፈች። ከሕንፃው ወጣ ብሎ የተንጠለጠለ በረንዳ ነው። ፌሮው ታስሯል፤ ኮንክሪቱ ገና አልተሞላም። ከሥሩ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ነገ ጠዋት ይሞላል። ዋናው ፌሮ ከታች ነው የታሰረው። ፎርማኑ ችግር የለውም ይላል። እናንተ ምን ትላላችሁ?»

አንድ የታወቀ ባለሙያ መለሰ፦ «ይህን የምትጠይቅ ልጅ ዲግሪዋን ከየት ገዛችው?»

እየሳቀ እንባ የሚያፈሰው ቢጫ ፊት መደርደር ጀመረ። መጨረሻ ሳየው 43 ደርሶ ነበር። ከ43ቱ አንዱ የኔ ነው። ይህንን ሳልናዘዝ የሰው ጽሑፍ ብተች አያምርብኝም። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ልጅቷ ጥያቄዋን አጥፍታ ከግሩፑ ወጣች።

በማግስቱ ግሩፑ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ «ስድብ ነው» አለ፤ ግማሹ «ቀልድ ነው፣ ምን ያስኮርፋል?» አለ። መላሹም «ቀልዴን ነው፤ ጥያቄው ቀላል ሆኖብኝ ነው» ብሎ ዝም አለ። የጸሐፊያችን ጽሑፍ የመጣው እሱን ሊከላከል ነው። ባጭሩ የሚለው ይኼን ነው፦ ሳይሰድብ ሰደብከኝ የተባለ ሰው ይቅርታ አይጠየቅም፤ ባለሙያዎች በቃል አይጠፋፉም፤ ትልቅ ሥራ በቁጣ ነው የሚሠራው፤ ዝም ያለ ተስማምቷል፤ ታላቅ ቢቆጣ ወግ ነው። የከፋው ሁሉ «ሆደ ባሻ» ነው።

ከመጀመሪያው ልጀምር። «የቃል ፍቺ ያለው በተናጋሪው ልብ ውስጥ ነው» ይላሉ ጸሐፊው። መላሹ ክፉ ስላላሰበ ክፉ አልተናገረም ማለታቸው ነው። እኔ መላሹን አውቀዋለሁ፤ ክፉ ሰው አይደለም። ግን ይህ አባባል ከመሐንዲስ አፍ ሲወጣ ገረመኝ።

አንድ ጊዜ ድሮዊንግ ላይ «ከላይ እንዳለው ይሠራ» የሚል ማስታወሻ ጻፍኩ። «ከላይ» ያልኩት እዚያው ወረቀት ላይ፣ ከበላዩ የተሳለውን ዝርዝር ነው። ሳይት ላይ ያሉት ግን «ከላይ» ማለት የላይኛው ፎቅ ማለት ነው ብለው አነበቡት። የላይኛው ፎቅ ዓምድ ደግሞ ሸክሙ ስለሚቀንስ ፌሮውም ያነሰ ነው። ስምንት ዓምድ በሳሳ ፌሮ ታሰረ። ደግነቱ ሳይሞላ ተደረሰበት። ያንን ሁሉ ስታፋ (ዋናውን ፌሮ ዙሪያውን የሚያቅፈውን ቀለበት) ፈትቶ እንደገና ማሰር ሁለት ቀን ፈጀ።

ታዲያ ያን ቀን «እኔ በልቤ ያሰብኩት ሌላ ነው፤ ተሳስተው ያነበቡት እነሱ ናቸው» ብል ማን ይሰማኛል? ድሮዊንግ ሁለት ዓይነት ከተነበበ ጥፋቱ የሣዩ ነው። ይህንን የመጀመሪያ ዓመት ጀማሪም ያውቀዋል። ሪቪዥን፣ ማለትም የታረመ ድሮዊንግ፣ አወጣሁ፤ የተለወጠው እንዲታይ ማስታወሻውን በደመና ቅርጽ መስመር ከበብኩት፤ ቀኑን ጻፍኩበት፤ ላክሁ። ያዋረደኝ ሰው የለም። ያለቀስኩም አይመስለኝም። ማረም የሥራው አንድ ክፍል ስለሆነ አረምኩ።

ለቃል ሲሆን ይህ ሕግ ለምን ይለወጣል? መላሹ «ቀልዴን ነው፤ ግን እንደ ስድብ እንደሚነበብ አሁን ገባኝ፤ አነሳዋለሁ» ቢል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ሪቪዥን ማለት ይኸው ነው። የምላስ ወለምታ በቅቤ አይታሽም እንዲሉ፣ የተባለው ላይመለስ ይችላል። በጽሑፍ የተባለ ግን ቢያንስ ይስተካከላል፤ ቴሌግራም «ኤዲት» የሚል ቁልፍ ሰጥቶናል።

ሁለተኛው ነጥባቸው «ባለሙያ ከባለሙያ ጋር በቃል አይጠፋፋም፤ ቀልድና ቁም ነገሩን ይለያል» የሚል ነው። ይኼ ነጥብ ደስ ስለሚለኝ ትንሽ ልቆይበት።

በፈረንጆች 1982፣ አሜሪካ ፒትስበርግ፣ ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ። የኮምፒውተር ሳይንስ ሰዎች በኮምፒውተር መልእክት ይለዋወጣሉ። አንዱ የፊዚክስ እንቆቅልሽ አነሳ፦ ገመዱ በተበጠሰ ሊፍት ውስጥ የሜርኩሪ ጠብታ ቢኖር ምን ይሆናል? ሌላው ቀጠለና ለቀልድ ማስጠንቀቂያ ጻፈ፦ በሙከራው ምክንያት የግራው ሊፍት በሜርኩሪ ተበክሏል፣ ትንሽ እሳትም ነበር። ወሬውን ከመካከል የተቀላቀሉ ሰዎች እውነት መሰላቸው። በዚህ ሰበብ «ቀልድን እንዴት እናመልክት?» የሚል ውይይት ተነሳ። ሴፕቴምበር 19 ስኮት ፋልማን የተባሉት ሳይንቲስት መላ አመጡ፦ ሁለት ነጥብ፣ ሰረዝ፣ ቅንፍ። አንገትህን ወደ ግራ ዘንበል ስታደርግ የሚስቅ ፊት። ዛሬ ስልካችን ላይ የሞላው ቢጫ ፊት ሁሉ የዚያ ዘመድ ነው። ምልክቱን ያመጡት ሰነፎች ወይም ሆደ ባሾች አይደሉም፤ በዘመኑ ስለ ኮምፒውተር ከማንም በላይ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው።

ጥናትም አለ። ጀስቲን ክሩገር፣ ኒኮላስ ኤፕሊና ባልደረቦቻቸው በ2005 ያሳተሙት ነው። ሰዎች አሽሙርም ቁም ነገርም ያለበት ዓረፍተ ነገር በኢሜይል እንዲልኩ ተደረገ። ላኪዎቹ ተቀባዩ 78 በመቶውን በትክክል ይለየዋል ብለው ገመቱ። ተቀባዮቹ የለዩት 56 በመቶውን ነው። ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት ብዙም አይሻልም። ጸሐፊው የሳቱት ላኪዎቹ የሳቱትን ነው። ስንጽፍ ድምፃችን በራሳችን ጆሮ ውስጥ ይሰማል፤ ለአንባቢው አይደርስም።

በአማርኛ ደግሞ ይብሳል። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አይለይም። ባለፈው ዓመት አንድ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ጋብዘን በኦንላይን ትምህርት ይሰጡን ነበር፤ ሶሌታ (የፎቁ ወለል ኮንክሪት) ሸክም ሲበዛበት በዓምዱ ዙሪያ እንዴት እንደሚበሳ። አዘጋጁ እኔ ነኝ። መሐል ላይ አንድ ልጅ ተቃውሞ አነሳ፤ እሳቸው «የለም፣ እንደዚያ አይደለም» ብለው አለፉት። ወዲያው ኔትወርኩ መቆራረጥ ጀመረ። አንዲት ተሳታፊ መጻፊያው ላይ «ኢንጂነር አይሰሙም» ብላ ጻፈች። ሌላው ተከተለ፦ «አዎ፣ ጭራሽ አይሰሙም።»

ጠብቆ ሲነበብ ድምፃቸው አይደርሰንም ማለት ነው። ላልቶ ሲነበብ ሰው አያዳምጡም ነው፤ ሲከፋም ጆሯቸው ደንቁሯል። ጋሼ ያነበቡት አላልተው ነው። ለምን አያላሉት? የሰውን ተቃውሞ ገና አሁን ገፍተው ማለፋቸው ነው። ድምፃቸው ተመልሶ ሲመጣ «የሚሰማ ሰው ፈልጉ» አሉና ዘጉት። ልጆቹ ምን እንዳጠፉ አልገባቸውም። እኔም የገባኝ ማታ ቁጭ ብዬ መልእክቶቹን ሳነብ ነው። በማግስቱ ደወልኩና አጥብቄ አነበብኩላቸው። ረጅም ዝምታ ሆነ። ከዚያ ሳቁ፤ እስኪያስላቸው ሳቁ። ሐሙስ ቀሪውን አስተማሩን።

እስከ ማግስቱ የተቀየሙት ሰው አማርኛ የማያውቁ ናቸው? ሆደ ባሻ ናቸው? አርባ ዓመት ከኮንትራክተር ጋር የተከራከሩ ሰው!

እዚህ ላይ ልዩነቱን ልብ በሉ። የ«አይሰሙም» ነገር ንጹሕ አለመግባባት ነው፤ አንድ ስልክ ፈታው። «ዲግሪዋን ከየት ገዛችው?» ጠብቆም ላልቶም ያው ነው። ጸሐፊው ሁለቱን አንድ ላይ ጠቅልለው «አለመግባባት ነው» ይላሉ። ይህ ቃል አሁን አሁን የስድብ ማጠቢያ ሳሙና ሆኗል።

ሦስተኛው ትልቁ ማስረጃቸው ነው። «ሊነስ ቶርቫልድስ ሰው እየሰደበ አይደለም ወይ ዓለም የሚሠራበትን ሊኑክስን ያቆመው?» ይላሉ። ለማያውቀው አንባቢ፦ ሊኑክስ ቶርቫልድስ በ1991 የጀመሩት የኮምፒውተር ሥርዓት ነው። ስልካችሁ አንድሮይድ ከሆነ መሠረቱ እሱ ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ባለሙያዎች በኢሜይል እየተከራከሩ ይሠሩታል። ቶርቫልድስ በነዚህ ኢሜይሎች ላይ ምላሳቸው መራር እንደነበር እውነት ነው።

ጸሐፊው ግን ታሪኩን ከግማሽ ላይ ነው የቆረጡት። በ2015 የሊኑክስን የዩኤስቢ 3.0 «ድራይቨር» (ኮምፒውተሩን ከሚሰካበት ዕቃ ጋር የሚያገናኘውን ፕሮግራም) የጻፉት ባለሙያ «በዚህ አነጋገር ውስጥ ሆኜ መሥራት አልችልም» የሚል ሐሳብ በይፋ ጽፈው ወጡ። ሥራቸውን በየላፕቶፑ ሰው ይጠቀምበታል፤ እሳቸው ግን የሉም። ከዚያ ሴፕቴምበር 16 ቀን 2018 ቶርቫልድስ ራሳቸው ጻፉ። በኢሜይል የሰነዘሯቸው የግል ጥቃቶች ከባለሙያ የማይጠበቁና አላስፈላጊ እንደነበሩ አመኑ፤ ይቅርታ ጠየቁ። የሰውን ስሜት መረዳት ላይ እገዛ ለማግኘት ለጊዜው ከሥራው እንደሚርቁም አስታወቁ። የሥራ ባልደረባቸው ግሬግ ክሮህ-ሃርትማን ተረክበው 4.19 የተባለውን እትም አወጡት። በዚያው ሰሞን ፕሮጀክቱ የሥነ ምግባር ደንብ ተቀበለ። ቶርቫልድስ ኦክቶበር ላይ ተመለሱ። ሊኑክስ አልፈረሰም።

ለስድብ ምስክር ተብሎ የተጠራው ሰው ራሱ ቀርቦ «አጥፍቻለሁ» ካለ፣ ምስክርነቱ ለማን ነው?

ቶርቫልድስ ዛሬም ለስላሳ ሰው አይደሉም። መጥፎ ኮድ ሲመጣ መጥፎ ነው ብለው ይመልሳሉ። እሱ ላይ ምንም ክርክር የለኝም። «ይህ በረንዳ ይወድቃል» ማለት ስለ በረንዳው ነው። «ዲግሪሽን ገዛሽው» ስለ ልጅቷ ነው። በረንዳው ቅር አይለውም፤ ፌሮው ወደ ላይ ይወጣል እንጂ።

ስለ በረንዳው ካነሳሁ አይቀር፣ መሐንዲስ ላልሆናችሁ ልንገራችሁ። ከግድግዳ ወጥቶ የተንጠለጠለ በረንዳ ሲጫን ወደ ታች ይጎብጣል። ያኔ የሚሳበው የላይኛው ፊቱ ነው። ኮንክሪት ደግሞ መሳብ አይችልም፤ የሚችለው ፌሮው ነው። ስለዚህ ዋናው ፌሮ ከላይ መሆን አለበት። ከታች ከታሰረ እንደሌለ ቁጠሩት። ድጋፉ ሲነሳ አብሮ ሊመጣ ይችላል፤ ከሥሩ ሰው ካለ ደግሞ የዕለቱ ዜና ነው። ልጅቷ የጠየቀችው ይህንን ነው። ጠርጥራለች፤ ፎርማኑ እንዳትፈራ ነግሯታል፤ እሷ ግን ልቧ አላረፈም። እንግዲህ ከዚህ የተሻለ ጥያቄ በዚያ ግሩፕ ተጠይቆ ያውቃል?

አራተኛው ነጥብ «ዝም አይነቅዝም» የሚል ነው። «ሺህ ሰው ባለበት ማንም ካልተቃወመ ስድብ አልነበረም ማለት ነው» ይላሉ። እኔ ዝም ካሉት አንዱ ስለሆንኩ በነሱ ስም ልመልስ። ዝም ያልኩት ስለተስማማሁ አይደለም። መላሹ ወዳጄ ነው፤ ሥራም አብረን እንሠራለን፤ ነገር መፍጠር አልፈለግሁም። በመሐሉ አስቆኝም ነበር። ይኼው ነው ዝምታው። አሁን ሳስበው ነቅዟል።

ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ሌላ ነው። ያን ማታ 43 ሰው ሳቀ። «ፌሮውን ወደ ላይ አውጪው፤ እስኪስተካከል አትፈርሚ» ያላት አንድ ሰው የለም። አንድም! መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ለመጻፍ አሥር ሰከንድ አይፈጅም። በኋላ ስሰማ ልጅቷ የድሮ መምህሯን ደውላ ጠይቃለች፤ ጠዋት ሳይት ላይ ቆማ «አልፈርምም» ብላለች፤ ሙሌቱ በአንድ ቀን ተራዝሞ ፌሮው ተነስቷል። ባትደውልስ? ጸሐፊው «ጠንካራው ይቆያል፣ ሆደ ባሻው ይወጣል» ይላሉ። ከፎርማን ጋር ብቻዋን የተጋፈጠችው እሷ ናት። እኛ ሶፋ ላይ ነበርን።

አምስተኛው የታላቅ ቁጣ ነው። «እኛን ያሳደጉን በቁጣ ነው፤ የዛሬ ልጅ ግን እሺታ ብቻ ይፈልጋል» ይላሉ። እኔም በቁጣ ነው የተማርኩት። የመጀመሪያው አለቃዬ ሳይት ላይ ሲጮህብኝ ከሦስተኛ ፎቅ ይሰማ ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ግን «ና፣ ብላ» ይለኛል። ከራሱ ሳህን ጠቅልሎ ያጎርሰኛል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ይጮሃል። ቁጣውን የተሸከምኩት በዚያ ጉርሻ ነው። ቴሌግራም ቁጣውን ብቻ ያደርሳል፤ ጉርሻውን አያደርስም። አለቃዬ ሲቆጣኝም የሚያየኝ እሱና ሁለት ሠራተኞች ናቸው፤ ሺህ ሰው ተሰብስቦ አይስቅብኝም።

ደግሞስ ቴሌግራም ላይ ታላቅ ማነው? ፎቶው አበባ ነው፤ ወይ የአርሴናል ዓርማ፤ ወይ የማርያም ሥዕል። «ተሳስተሃል» ብለህ ትጽፋለህ፤ ያስተማሩህ ዶክተር ሆነው ይገኛሉ። «ተሳስተዋል» ብለህ ስታከብር ደግሞ «ስለ እኔ ነው ወይስ ስለ እነሱ?» የሚል ይመጣል። አንተና አንቱን ፊት አይቶ የሚመርጥ ቋንቋ ይዘን ፊት በሌለበት ነው የምናወራው። ስለዚህ ላላወቅሁት ሰው ሁሉ «እርስዎ» ማለት ጀምሬያለሁ። አንዱ የ23 ዓመት ልጅ «ኧረ አያስረጁኝ» አለኝ። ይህን ዓይነት ቅሬታ በደስታ እቀበላለሁ።

ጸሐፊው ሕግም ጠቅሰዋል። የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 እንዲህ ያለውን ነገር አይነካም ይላሉ። ልክ ናቸው፤ አዋጁ በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ላይ ተመሥርቶ ጥላቻን ሆን ብሎ ስለሚያነሳሳ ንግግር ነው። ግን መላሹ ይታሰር ያለ ማን አለ? ከወንጀል መለስ ያለ ሁሉ ካማረ፣ የሙያ ሥነ ምግባር የሚባለው ነገር ለምን አስፈለገ?

የምስማማበትም አለ። «ስሌትህ ስህተት ነው» ሲባል «ተሰደብኩ» የሚል ሰው አለ፤ ጸሐፊው እሱን ሲወቅሱ ከጎናቸው ነኝ። አንዱ የጭነት ስሌቱን ባርምለት መልእክቴን ስክሪንሾት አድርጎ ለአለቃዬ ልኮብኛል። እንዲህ ካለው ሰው ጋር መሥራት ፈተና ነው። «ሁሉንም እርማት በኢንቦክስ አድርጉት» ያሉትን ግን በግማሹ ነው የምቀበለው። ስህተት የሆነ ስሌት ሺህ ሰው ፊት ከተለጠፈ እርማቱም እዚያው ይሁን፤ አለዚያ ያነበበው ሁሉ ስህተቱን ይዞ ሳይት ይሄዳል። ስለ ሰውየው ያለህን ግን በግል ንገረው። የምር ከተናደድክ ደግሞ እደርበት። ይህ ምክር አዲስ አይደለም፤ በ1995 የወጣው የኢንተርኔት ጨዋነት መመሪያ ራሱ ስሜት ያለበትን መልስ እስኪነጋ አቆዩት ይላል።

ልጅቷ እስካሁን ወደ ግሩፑ አልተመለሰችም። ባለፈው ማክሰኞ አንድ ነገር ሞከርኩ። ጥያቄዋን ቃል በቃል ማለት ይቻላል፣ በራሴ ስም ለጠፍኩት፦ «የተንጠለጠለ በረንዳ ነው። ዋናው ፌሮ ከታች ታስሯል። ፎርማኑ ችግር የለውም ይላል። እናንተ ምን ትላላችሁ?» ማንም አልሳቀም። በሃያ ደቂቃ ውስጥ አሥራ አንድ መልስ መጣ። ከሁሉ ቀድሞ የደረሰው የዚያው የመላሹ ነው። በእጁ የሣለውን ንድፍ ፎቶ አንስቶ አያይዞታል፤ ፌሮው የት እንደሚጀምር፣ ወደ ውስጥ ስንት ድረስ እንደሚገባ፣ በሙሌት ጊዜ ሠራተኛ እንዳይረግጠው ምን እንደሚደረግ አንድ በአንድ ያስረዳል። የመጀመሪያው መስመር እንዲህ ይላል፦ «ኢንጂነር፣ በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው።»